ለአደይ አበባ ብለን የካ ላይ የተያዝን ጊዜ

ሎግያ ውስጥ ወቅት ሁለት ነው፤ ሙቀትና የባሰ ሙቀት። ክረምት ማለት ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መጥቶ ድልድያችንን አይቶ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ፀደይን የምናውቀው በፕላዝማ ብቻ ነው። የባዮሎጂ ትምህርት ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየሮጠ «አሁን ወጥታችሁ በአካባቢያችሁ ያሉትን አበቦች ተመልከቱ» ይልና ጥቂት ደቂቃ ይሰጠናል። ተማሪዎቼ ይወጣሉ። ውጭ ያለው አሸዋ፣ የተሰበረ ገልባጭ መኪናና ማንም ሳይጋብዘው አገሩን የወረሰው እሾሃም ዛፍ ነው። ተመልክተው ይመለሳሉ። እኔም የቀረውን በጠመኔ እስልላቸዋለሁ።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ስለነበር ተወልጄ ያደግሁት ቆላ ነው። ስለ አበባ መራባት ዓመታት ሳስተምር በዓይኔ ያየሁት ነገር አልነበረም። ስለዚህ የባለቤቴ የሰናይት አክስት፣ እትዬ ወርቅነሽ፣ ከአዲስ አበባ ደውለው «በመስከረም ኑ፣ የጸሎት ፕሮግራም ይዘንላችኋል» ሲሉ ከሰናይት ቀድሜ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጸሎቱ ለምን እንደሆነ ልናገር። ከተጋባን ብዙ ጊዜ ሆኖናል፤ ልጅ የለንም። ሐኪሞቹ ሁለታችንንም መርምረው ምንም አላገኙም። እናቴ ሰናይትን ያላደረሰችበት ጸበል የለም። የሎግያ ጎረቤቶቻችን ዱዓ አድርገውልናል፣ የግመል ወተትም አላቋረጡብንም። ሆሳዕና ያሉት ዘመዶቿ ጾመው ጸልየዋል። በእኛ ጉዳይ ሃይማኖት ሁሉ ተባብሮ ሠርቷል ማለት ይቻላል። እናም እሷ ለጸሎት፣ እኔ ለአደይ አበባ ተነሣን። የላብራቶሪያችን ሙሉ ንብረት የሆነችውን አጉሊ መነጽር ከዳይሬክተሩ ተውሼ በካልሲ ጠቅልዬ ያዝኩ።

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ ገና ሚሌን ሳያልፍ ከፊታችን የተቀመጠ ነጋዴ ዞሮ «ልጆቹን ለማን ትታችሁ መጣችሁ?» አለን። ሰናይት «የሉንም» አለች። ሰውየው መቀመጫው ላይ ተንበርክኮ ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። ነጭ ሽንኩርት በማር አዘዘ። ከኋላ ያሉ ሴትዮ ነጭ ሽንኩርቱን ተቃውመው ጥቁር አዝሙድ አሉ። ረዳቱ የሚያውቃቸው አንድ መድኃኒተኛ ነበሩት። ባቲ ስንደርስ አውቶቡሱ በሙሉ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ ሆኖ ነበር፤ ሾፌሩ ብቻ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። ሰናይት መስኮቱ ላይ ተደግፋ የተኛች መሰለች። ዐይኗ ግን ተከፍቶ ነበር።

ኮምቦልቻ አደርን። አልጋው ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ነበረበት። እኛ ዘንድ ብርድ ልብስ ዕቃ መጠቅለያ ነው። ገላዬን ልታጠብ ቧንቧውን ስከፍተው የወጣው ውሃ እንደ ጅራፍ ገረፈኝ። ሎግያ ውስጥ ቧንቧው ራሱ ያፈላዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሚባለው ገንዘብ ተከፍሎበት ነው የሚጠጣው። ስጮህ የአልቤርጎዋ ባለቤት ሮጠው መጡና ባልዲ ሙቅ ውሃ ከደጅ አስቀመጡልኝ። ክፍያውን ሳነሣ «ከቆላ ለመጣ ሰው ምን ይከፈላል? ነፍስ ማዳን እኮ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ሁለተኛው ቀን

ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ቢጫው ጀመረ። መጀመሪያ በገደሉ ጠርዝ ጥቂት ጥቂት፤ ቀጥሎ ተራራው ራሱ ቢጫ ለብሶ መጣ። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።

«ሾፌር፣ እባክህ አንድ ጊዜ ብቻ አቁምልኝ!»

«ሽንት ነው?»

«አይ፣ አበባ ለማየት ነው።»

«ቁጭ በል።»

ለሽንት ይቆማል፣ ለፍየል ይቆማል፣ ለትራፊክ ፖሊስማ ከሩቁ ይቆማል። ለአበባ መቆም ግን በመመሪያው ውስጥ የለም። ተራራውን የሚሰነጥቀውን ዋሻ አልፈን ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ያለኝ ባለ አጭር እጅጌ ሸሚዝ ነው።

ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ ሻንጣችንን ሁለት ተሸካሚዎች ከሁለት ወገን ይጎትቱት ጀመር። የእትዬ ወርቅነሽ ባለቤት ጋሽ ማቴዎስ ከግርግሩ መካከል ብቅ አሉ። ጡረታ የወጡ የቢሮ ሠራተኛ ናቸው፤ ዛሬም ከረባት ሳያስሩ ከቤት አይወጡም። በክንዳቸው ላይ ሌላ ኮት አጣጥፈው ይዘዋል። ሰላም ሳይሉኝ አለበሱኝ።

«የቆላ ሰው መሆንህን አውቃለሁ» አሉ፤ «ሰላምታው ሲሞቅህ ይደርሳል።»

በሚኒባስ እስከ የካ ሄደን የቀረውን ዳገት በእግር ጀመርነው። የሎግያ ሰዎች ጭቃን በዜና ነው የምታውቁት፤ ስለዚህ ላስረዳችሁ። ጭቃ ማለት መሬቱ በእግርህ ሥር ሐሳቡን ሲለውጥ ነው። ጋሽ ማቴዎስ በከረባታቸው እንደ ፍየል ሲወጡ እኔ በመቀመጫዬ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ እሳቸው ከጀመሩበት በታች ደረስኩ። ሰናይት ከቤት ከወጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ቤት ስንደርስ እትዬ ወርቅነሽ አቅፈው ሳሙን፣ «ጌታ ይባረክ፣ ጌታ ይባረክ» እያሉ ሱሪዬን አስወልቀው ዘፈዘፉት። የጋሽ ማቴዎስ ሱሪ ተሰጠኝ። ቁመቱ ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር በላይ ያልቃል።

ሦስተኛው ቀን

ቁርስ የቡላ ገንፎ ነበር፤ መሃሉ ላይ ቅቤ ሞልቶበታል። እትዬ ወርቅነሽ የሰናይትን ድርሻ ከሁላችንም አስበልጠው አቀረቡላት። «ብዪ ልጄ፣ ለማህፀን ጥሩ ነው» አሉ። ሰናይት በላች። ጸሎቱ በማግስቱ ከሰዓት ስለሆነ ቀኑ የኔ ነበር። ብቻዬን ልወጣ ስል ሰናይት ነጠላዋን አንሥታ «እኔም እመጣለሁ፤ ቤት ብቀር ሌላ ገንፎ ይመጣል» አለች።

ከቤቶቹ በላይ ባሕር ዛፉ ይጀምራል። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሲወርዱ እኛ እጃችንን አወናጭፈን መውጣታችን እያሳፈረን ወጣን። ባሕር ዛፍ ሥር ሣር እንኳን አይደፍርም። ከዛፎቹ ወጥተን ገላጣው መስክ ላይ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ቆምን። ተራራው እስከ ጫፉ አደይ አበባ ነበር። ነፋሱ ሲመጣ ሁሉም ባንድነት ያጎነብሳል፣ ባንድነት ይነሣል። የስብሰባ ጭብጨባ ይመስላል።

በደረቴ ተኛሁና መነጽሬን አወጣሁ። ያየሁትን ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ጓደኞቼ እነሆ። አደይ አበባ አንድ አበባ አይደለችም፤ ማኅበር ናት። ዳር ዳሩን የከበቡት፣ እኛ የአበባዋ ቅጠል የምንላቸው፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። መሃሏም በደቃቃ አበቦች የተጨናነቀ ነው። መሃሎቹ የሚከፈቱት ከዳር ወደ ውስጥ፣ ዙር በዙር ነው። እያንዳንዷ ደቃቅ አበባ መጀመሪያ ወንዴ ሆና ብናኟን ወደ ላይ ገፍታ ታወጣለች። ቀጥሎ ያች የገፋችው ዘንግ ጫፏ ለሁለት ተሰንጥቆ ሴቴ ሆና ከሌላ አበባ የሚመጣ ብናኝ ትጠብቃለች። ሁለቱ ጊዜ ስለሚለያይ ከራሷ ጋር ከመጋባት ይልቅ ለእንግዳ ታደላለች። አንዲት ንብ መጥታ በዚያ ሁሉ ላይ እየተንከባለለች እግሯ ቢጫ ዱቄት የያዘ ቦርሳ እስኪመስል ስትሠራ አየሁ። ዓመታት በጠመኔ የሳልኩት ነገር አፍንጫዬ ሥር ሲሆን እንባዬ መጣ።

«ተነሥ!»

ቀና ስል ዱላ የያዙ የደን ጥበቃ ሰውዬ ከላዬ ቆመዋል። ወዲያ ማዶ በአጥር የተከበበ የአንቴና ግንብ አለ፤ እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላየሁትም ነበር።

«ምንድን ነው የምታየው?»

«አበባ።»

«ተኝተህ?»

እንግዲህ አስቡት፤ የሰው ኮት የለበሰ፣ ሱሪው ያጠረው፣ አንቴና አጠገብ በደረቱ ተኝቶ በመነጽር የሚያይ ሰው ነኝ። በጥበቃው ቦታ ብሆን እኔም ራሴን እይዘው ነበር። ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ወረድን።

የጸጥታ ኃላፊው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ከበስተኋላው ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ቢጫ ካኔቴራና ቢጫ ቆብ ያደረጉ አመራሮች አንዲት ጣት የምታህል ችግኝ ከብበው ቆመዋል።

«ሥራ?»

«የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ከሎግያ።»

«ከሎግያ እዚህ ድረስ አበባ ለማየት?»

«እዚያ የለም።»

ወደ ጥበቃው ዞረ። «ምን ሲያደርጉ ያዝካቸው?»

«እሱ ተኝቶ በመነጽር ያያል። እሷ ዙሪያውን ትቃኛለች።»

«ምንድን ነበር የምታየው?» አለኝ።

«ርክበ ብናኝ።»

«ማነው እሱ?»

«ሰው አይደለም። የወንዴው ህዋስ ከሴቴዋ ህዋስ ጋር እንዲገናኝ...»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ህዋስ?»

ያን ጊዜ ነው የገባሁበት የገባኝ። ለእኔ ህዋስ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር ነው። ለእሱ ህዋስ በየሳምንቱ የሚሰበሰብ ነገር ነው።

«የማን ህዋስ ነው? እኛ የማናውቀው ህዋስ ተራራ ላይ ከማን ጋር ነው የሚገናኘው?»

ከኮቱ ኪስ አንዲት አደይ አበባ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። መምህር ሲጨንቀው ማስተማር ይጀምራል። መሃሏን ፈልፍዬ አንዷን ደቃቅ አበባ ነጥዬ መነጽሩን ሰጠሁት። ሳይወድ አየ። ትንሽ ቆይቶ ወደደ። ጥበቃውም ተጠጉ።

«መጀመሪያ ወንዴ ናት ነው የምትለኝ?»

«አዎ፤ ኋላ ሴቴ ትሆናለች።»

«እዚያው ወንበሯ ላይ እንዳለች?»

«እዚያው ወንበሯ ላይ።»

«ያለ ግምገማ?» አለ። ይቀልድ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀጠለና «እነዚህ ዳር ያሉት ትልልቆቹስ? ሥራቸው ምንድን ነው?» አለ።

ክፍል ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ነበር። «እነሱ መካን ናቸው» አልኩ። «ብናኝ አይሰጡም፣ ዘር አይቋጥሩም። ሥራቸው መታየት ነው።»

ኃላፊው ቀና ብሎ በቢጫ ካኔቴራ ችግኟን የከበቡትን አመራሮች አየ። እኔም አየኋቸው። ጥበቃውን ሳል ያዛቸው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ፎቶግራፉ አልነበረም። «መካን» የሚለውን ቃል ቤታችን ውስጥ አንጠራውም። ሰው ሲጠራው ከሰማን ወሬ እናስቀይራለን። ከሰናይት አጠገብ ተቀምጬ፣ በራሴ አፍ፣ በአስተማሪ ድምፅ ጠራሁት። ዞሬ ላያት አልቻልኩም።

«ይሄን እንድትናገር ማነው የላከህ?» አለ ኃላፊው፤ እጁ ስልኩ ላይ ነው። «ይሄ ባዮሎጂ አይደለም። ይሄ ቅስቀሳ ነው!»

«ወንድሜ» አለች ሰናይት።

ሁላችንም ዞርን።

«ባለቤቴ ሳይጨርስ ነው ያቋረጡት። ዳር ያሉት ባይኖሩ ንብ ከየት አይታ ትመጣለች? መሃል ያለው ደቃቅ ነው፤ ከሩቅ አይታይም። ንቧን የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ፍሬው የሁሉም ነው። ዘር አልቋጠሩም ተብሎ ትርፍ አይባሉም።»

እጇ ነጠላዋን እየጠቀለለ ይፈታ ነበር።

የኃላፊው ፊት እንደ መስከረም ሰማይ ተገለጠ። «አየህ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። «እሷ ገብቷታል! አመራሩ ነው ንቡን የሚጠራው! የሕዝቡን አቅም አሟጦ ወደ መሃል የሚያስገባው አመራሩ ነው!» ስልኩን መለሰው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔም «አንተ» መባሌ ቀርቶ «እርስዎ» ሆንኩ። «መምህር፣ ነገ ጠዋት የነዋሪዎች መድረክ አለን። ይህችን አበባ ይዘው መጥተው ከልማት ሠራዊቱ ጋር አያይዘው ያቀርቡልናል።» እምቢ ማለት እንደሚቻል አልመሰለኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ጀመርኩ።

«ሰናይት፣ ያ ቃል...»

«አበባዋን ነው ያልከው እኮ።»

«ቢሆንም።»

ዳገቱ ላይ ቆመች። «አንተ መሃሉን ስታይ እኔ ንቧን ነበር የማየው» አለች። «መጀመሪያ ያረፈችው ዳር ካሉት ባንዷ ላይ ነው። እስኪበቃት አርፋ ነው ወደ ውስጥ የሄደችው። ጠባቂው ባይመጣ ልነግርህ ነበር።»

አራተኛው ቀን

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንድ ለአምስት ተጠርናፊዎች እርስ በርሳቸው ተያይተው መጥተዋል፤ ሎግያም እንደዚሁ ነው፣ ልዩነቱ እኛ ዘንድ በስብሰባ መሃል የሚያንቀላፋው ሰው በሙቀቱ ያመካኛል። አደይ አበባዬን ከፍ አድርጌ ስለ ንብ፣ ስለ ብናኝና እያንዳንዷ ዘር መሬት ውስጥ ሆና ዝናቧን እንዴት እንደምትጠብቅ ተናገርኩ። የልማት ሠራዊቱን የት ላይ እንደማያይዘው ጠፍቶኝ ዝናቡ ላይ አያያዝኩት። ኃላፊው አጨበጨበ፣ አዳራሹም ተከተለው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። በዚህ በአበባው መሠረት እኛ ዳር ነን መሃል?»

ጭብጨባው የመጀመሪያውን እጥፍ ሆነ። አፌን ስከፍት ኃላፊው ማይኩን ወሰደልኝ። «ጥያቄው ገንቢ ነው፤ በሂደት የሚመለስ ይሆናል» አለ። ባጠገቡ ያለ ሰውም የታሸገ ውሃ አቀረበልኝ፤ ሽማግሌው እያዩ ልጠጣው አልቻልኩም።

ከሰዓት የጸሎት ኅብረቱ ሴቶች እትዬ ወርቅነሽ ቤት ተሰበሰቡ። እኔና ጋሽ ማቴዎስ ደጅ ላይ ተቀምጠን ተራራው ኮታቸው ላይ የለጠፈውን ጭጎጎት እንለቅማለን። ጭጎጎት ንብም ሆነ ቢጫ ልብስ አያሻውም፤ ዘሩን ባለፈው ሰው ላይ ይለጥፍና ያሰድዳል። እኛም እየለቀምን እትዬ ወርቅነሽ ጎመን መደብ ላይ እንጥለዋለን። ያሰበበት ደረሰ ማለት ነው። ኮታቸውን እንዳበላሸሁ ይቅርታ ስጠይቅ ጋሽ ማቴዎስ «ሠላሳ ዓመት ቢሮ ለብሼው ከወንበር በቀር የነካው ነገር የለም፤ ዛሬ ሰው ሆነ» አሉኝ።

በሩ ክፍት ስለነበር የሰናይት ድምፅ ደረሰን።

«እትዬ፣ እናቶቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ልጅ አትለምኑልኝ።»

ውስጥ ያለው ሹክሹክታ ቆመ። ጋሽ ማቴዎስም መልቀማቸውን አቆሙ።

«ቢሰጠኝ ጠልቼ አይደለም። ግን በተለመነልኝ ቁጥር ጎዶሎ ሆኜ ነው የምመለሰው። የዛሬውን ስላለሁ አመስግኑልኝ። ባለቤቴ ታዴም ስላለ።»

ከዚያ አንዲት ሴት ቀስ ብላ መዝሙር አነሣች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። የእትዬ ወርቅነሽ ድምፅ ግን ውስጡ አልነበረም። በጓሮ በኩል ወደ ማድ ቤት ሲገቡ አየኋቸው፤ እንግዶቹ እስኪሄዱም አልወጡም። ለዚህ ቀን ከሳምንት በፊት ጀምረው የጾሙ ሴት ናቸው። እራት ሲያቀርቡ ዐይናቸው ቀልቶ ነበር። የሰናይት ድርሻ ከሁላችንም እኩል ነበር።

አምስተኛው ቀን

ጎሕ ሲቀድ ላምበረት ደረስን። ተሸካሚዎቹ ሻንጣችን ላይ ዳግመኛ ጦርነት ሊከፍቱ ሲሉ ጋሽ ማቴዎስ ከረባታቸውን አስተካክለው ቢያዩዋቸው ተበተኑ። ኮቱን ላወልቀው ስሞክር «ደብረ ብርሃን ሳይደርስ?» ብለው ተቆጡኝ። ኮቱ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ ሎግያ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከመታየት በቀር ለምን እንደሚሆን ጎረቤቶቼ ይጠይቁኛል።

እትዬ ወርቅነሽም ሊሸኙን አብረው መጥተዋል። የቆጮና የሥጋ ስንቅ በላስቲክ ጠቅልለው በመስኮቱ አቀበሉን። ሞተሩ ተነሣ። እኚህ ሴት ሲሸኙን ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር አላቸው። በስልክም ይሁን ሆሳዕና ለሠርግ ተገናኝተን ስንለያይ፣ መመረቂያቸው «በሚመጣው ዓመት ሦስት ሆናችሁ ኑ» ነው። ሰናይት ይህን ሲሉ ሁልጊዜ «አሜን» ትልና እስከ ቤት ድረስ ሰው አታናግርም።

እጃቸውን መስኮቱ ላይ አደረጉ።

«በሚመጣው ዓመት...» አሉና ቆሙ። ረዳቱ በሩን እየመታ «ሳብ!» አለ። እትዬ ወርቅነሽ ከአውቶቡሱ ጋር ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመዱ።

«ሁለታችሁም ኑ» አሉ። «ሁለታችሁም።»

ሰናይት በመስኮቱ ተስባ የነጠላቸውን ጫፍ ያዘች፤ አውቶቡሱ ከእጇ እስኪነጥቃት ድረስ አልለቀቀችውም።